ያለ ድምፅ የተሾሙት አገረ ገዥ

በአውሮፓውያን አቈጣጠር አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሲገባደድ፥ በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አገረ ገዥ የሚመረጠው በድምፅ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሹመት የሚመነጨው ከዙፋን ብቻ ነበር። ሕዝብ ያልመረጠው ሹም የሚመዘነው በሥራው ነውና፥ የራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ሕይወትም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል።

መኮንን በ1844 ዓ.ም. ከደጃዝማች ወልደ ሚካኤልና ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ከወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ተወለዱ። ለምኒልክ የአክስት ልጅ ነበሩ። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል ነሥተው ሐረርን ሲይዙ፥ መኮንንን በደጃዝማችነት ማዕርግ ሾሟቸው።

ሹመቱ ከባድ ዕዳ ነበረበት። የጨለንቆ ሙታን ኀዘን ገና አልበረደም፤ በከተማይቱ መካከል በመስጊድ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን መተከሉ የሐረርን ሕዝብ ልብ አቍስሏል፤ የወታደሩም ቀለብ በገበሬው ጫንቃ ላይ ወድቋል። መኮንን በዚህ መካከል የቡናና የቆዳ ንግድ እንዳይቋረጥ አደረጉ፤ ከባሕር ጠረፍ ከሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችም ጋር በብልሃት ተገናኙ።

ዙፋኑ በእርሳቸው መተማመኑ እየጠነከረ ሄደ። በ1881 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ተላኩ። በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌና በዐድዋ ዘመቱ። በ1889 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ስለ ሶማሌላንድ ወሰን ተደራደሩ። በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ በዓል ለንደን ተገኙ።

በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ ሳይወጣ ከግርጌው ደረሰ፤ በዚያም ዛሬ ሳቢያንን የመሳሰሉ ሠፈሮች ያሏት ድሬዳዋ ተቈረቈረች። በራስ መኮንን የአገዛዝ ዘመን የተወለደችው ይህች ከተማ የሐረርን ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ሳበች።

ራስ መኮንን ወደ አዲስ አበባ በመጓዝ ላይ ሳሉ መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ቍልቢ ላይ ዐረፉ። ሹመታቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ጸንቶ ነበር። መልካም ሹም ለሕዝብ ዕድል ነው፤ መብት ግን አይደለም። ከእርሳቸው በኋላ ግዛቱ ለልጃቸው ለደጃዝማች ይልማ ተሰጠ፤ ያን ጊዜም የሐረርጌን ሕዝብ የጠየቀው አልነበረም።