አክሊሉ ለማና እንዶድ፦ ከልብስ ማጠቢያ ወደ ቀንድ አውጣ ማጥፊያ

በደብረ ወርቅም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ ሳሙና ከመለመዱ በፊት ሸማ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል። ይህን የእናቶች ዕውቀት ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ (1935–1997 እ.ኤ.አ.) ናቸው።

አክሊሉ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የቢልሃርዚያን ሥርጭት ለማጥናት ወደ ዐድዋ ወረዱ። የበሽታው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አካል ያድጋል። አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ፤ ነገሩንም በሙከራ አረጋገጡ።

ምክንያቱ በኋላ በኬሚስትሪ ጥናት ታወቀ። የተወቀጠው ፍሬ ውኃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም በውስጡ ያለውን ሳፖኒን ወደ ንቁ መልክ ይለውጠዋል፤ ይህም የሕዋስን ሽፋን ያፈርሳል። ንጥረ ነገሩ ዓሣንም ይገድላል፤ ነገር ግን በውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ስለሚበሰብስ ለረጅም ጊዜ አይቆይም።

አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በዐድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ውጤቱ ይህን ያህል ቢያምርም እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ዓመታት አለፉ። ዓለም አቀፍ ተቋማት ውድ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ፤ በኢትዮጵያ የተሠራው ጥናት ግን በቂ እምነት አላገኘም። አክሊሉ ዋናውን እንቅፋት ያዩት በእንዶድ ደኅንነት ሳይሆን፣ ለአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች በተነፈገው አመኔታ ላይ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል።

የእንዶድ ታሪክ ለአዲሱ ባዮቴክኖሎጂም ትምህርት ነው። ባክቴሪያ የሚሠራቸውን የአሚሎይድ ፕሮቲን ክሮች ለውኃ ማጣሪያ ለማዋል የሚጥር ተመራማሪም ያንኑ ጥያቄ ይጋፈጣል፦ ግኝቱ በቤተ ሙከራ ከተረጋገጠ በኋላ ደኅንነቱን ማን ይመረምራል? የማንስ ምርመራ ይታመናል?