ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው ዲፕሎማ ከተቀበሉ ኢትዮጵያውያን መካከል የመጀመሪያው ናቸው። የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ ገና የሦስት ዓመት ተኩል ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለይተው በአምባው ላይ ተገኙ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ። እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን ተቀብሎ አስተማራቸው። ከሁለቱ አሳዳጊዎቻቸው ስም በመውሰድም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ።

በ1874 ዓ.ም. ገደማ በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ወደ ስኮትላንድ ሄደውም ዕውቀታቸውን ካዳበሩ በኋላ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። ደመወዛቸው የማያቋርጥ፣ ማዕረጋቸውም የተከበረ ነበር። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ከማወቅ በቀር ከአገራቸው የቀረላቸው ነገር አልነበረም። አማርኛ አይናገሩም፤ ወላጆቻቸው የሰጧቸውን ስም እንኳ አያውቁም ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲሰማ፣ የአገራቸው ናፍቆት ተቀሰቀሰባቸው። ወዲያው ተነሥተው እስከ ዘይላ ቢመጡም ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ሳይችሉ ተመለሱ። ነገር ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው፣ በገዛ ገንዘባቸው እንደገና ጉዞ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ እንኳ ስላልደረሰ፣ ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የሚታለፈው በግመልና በበቅሎ ነበር።

አዲስ አበባ ያን ጊዜ ድንኳንና የሣር ጎጆ የበዛባት፣ በመቆርቆር ላይ ያለች ከተማ ነበረች። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የመጡ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሕሙማንን ይረዱ ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ግን የተሠራው ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሐኪሙ በከተማይቱ ድንኳን ተክለው፣ በአስተርጓሚ እየተነጋገሩ፣ ዋጋ ሳይጠይቁ ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። የባለጸጋና የድኻ ልዩነት አላደረጉም።

ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ሲዛመት፣ አንዲት አሮጊት የጠፋ የልጅ ልጃቸው እንዳይሆን ጠርጥረው ወደ ድንኳኑ መጡ። በልጅነት በክንዱና በእግሩ ላይ የቀረውን ጠባሳ ያስታውሱ ነበርና፣ ምልክቱን አይተው የልጅ ልጃቸው መሆኑን አረጋገጡ። ሐኪሙም ወርቅነህ የእሸቴ ልጅ መባላቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ያለ ዋጋ ሊያገለግሉ የመጡት ሰው፣ በገንዘብ የማይገኘውን ስማቸውንና ዘመዶቻቸውን አገኙ።

ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ቢመለሱም አገራቸውን አልረሱም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንደገና መጥተው በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ ዐፄ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ አክመዋል። በ1911 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

የሰውን ሥጋ የሚጎዳው በሽታ ብቻ እንዳልሆነ፣ ድንቁርናና ባርነትም እንደሚያጠፉት ስለተገነዘቡ፣ አገልግሎታቸውን ከሕክምና ወደ ትምህርት አሰፉ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሕፃን ሳሉ የጠፋባቸውን አማርኛ እንደገና ተምረው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉበት። ቆየት ብሎም የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያ ሆነው ለአገራቸው ሲከራከሩ፣ በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ በጠላት እጅ ተገደሉ። አባትየው ይህን መሪር ኀዘን ተሸክመው፣ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ሐኪም ወርቅነህ በባዕድ አገር ያደጉት ያለ ፈቃዳቸው ነው፤ ወደ አገራቸው የተመለሱትና ወገናቸውን ያገለገሉት ግን በፈቃዳቸው ነው። ስማቸው እስከ ዛሬ በክብር የሚነሣውም ስለዚህ ነው።