ሊንከን፦ ዕዳን ቀምሶ የባለዕዳ ጠበቃ የሆነው ሰው

አብርሃም ሊንከንን ሁላችንም የምናውቀው ባርነትን በታገለ ፕሬዚዳንትነቱ ነው። ኢኮኖሚክስ ላጠናሁት ለእኔ ግን ይበልጥ የሚስበኝ ሌላኛው ሊንከን ነው፦ ሱቁ የከሰረበት፣ ኋላም ለከሰሩ ሰዎች ጥብቅና የቆመው።

እ.ኤ.አ. በ1809 ኬንታኪ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ22 ዓመቱ ኢሊኖይ ውስጥ ኒው ሴለም የምትባል ትንሽ መንደር ገባ። እዚያም ከዊልያም ቤሪ ጋር ተሻርኮ ሱቅ ያዘ። በቂ ካፒታል ስላልነበራቸው ዕቃውን የገዙት በዱቤ ነው። ገበያው አልሄደም፣ ሱቁ ተዘጋ። በ1835 ቤሪ ሲሞት የእሱም ድርሻ ሊንከን ጫንቃ ላይ ወደቀ። ጠቅላላው 1,100 ዶላር ገደማ ነበር። ሊንከን እየቀለደ ብሔራዊ ዕዳ ይለው ነበር።

ያኔ የሚተዳደረው በመሬት ቅየሳና በመንደሯ ፖስታ ሥራ ነው። አንድ አበዳሪ ከስሶ አስፈረደበትና ፈረሱና የቅየሳ መሣሪያው ሐራጅ ወጡ። እንጀራውን የሚያበስልበትን ከወሰዱበት በምን ሠርቶ ይክፈል? ደግነቱ ጄምስ ሾርት የሚባል ወዳጁ ከሐራጁ ገዝቶ መለሰለት። ሊንከንም ሥራውን ቀጠለ፣ ዕዳውን በረጅም ዓመታት ከፍሎ ጨረሰ።

ሕግ በራሱ አንብቦ በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ስፕሪንግፊልድ ተዛወረ። በዚያው በ1837 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተናጋ። የመሬት ዋጋ ሲወድቅ በብድር መሬት የገዛው ሁሉ መውጫ አጣ። ኮንግረሱ በ1841 የኪሳራ ሕግ አወጣ። ሕጉ ነጋዴ ያልሆነ ተራ ባለዕዳም በራሱ ጥያቄ ፍርድ ቤት ቀርቦ ኪሳራውን እንዲያሳውቅ ፈቀደ፤ ይህ በሀገሪቱ የፌዴራል ሕግ የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ባለዕዳው የአበዳሪዎቹን ስም፣ የዕዳውን መጠንና ያለውን ንብረት ሁሉ ምሎ ይዘረዝራል። ጉዳዩ በጋዜጣ ይወጣል። ንብረቱ ተሸጦ ለአበዳሪዎች ይከፋፈላል፤ የሚተውለት ልብሱና እስከ 300 ዶላር የሚገመት አስፈላጊ የቤት ዕቃ ነው። ንብረት የደበቀ ሰው ከዕዳው ነፃ አይወጣም። ጠበቃ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሊንከንና የሥራ ሸሪኩ ስቲቨን ሎጋን ከ70 በላይ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ያዙ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በፌብሩዋሪ 1842 ሲሆን በማርች 1843 ተሻረ። ሲያቅማማ የቆየ ባለዕዳ ዕድሉ አመለጠው።

አበዳሪ እንዲህ ያለውን ሕግ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ሂሳቡን ሳየው፣ መሣሪያውን የተቀማ ቀያሽ ለማንም አይከፍልም። ዳግም የቆመ ሰው ግን ይሠራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ሌላ ሰው ይቀጥራል።

በእኛም ሀገር በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ የተቸገረ ነጋዴ ጨርሶ ከመክሰሩ በፊት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ዕዳውን የሚያስተካክልበት መንገድ አለው። ዕዳ የከበደው ወዳጅ ካላችሁ፣ አንዱን ብድር በሌላ ብድር ከመሸፈኑ በፊት ያለበትን ሁሉ በወረቀት ይጻፍና ጠበቃ ያማክር። ሲመርጥም ፈቃዱን ይጠይቅ፣ የኪሳራ ጉዳይ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ያጣራ፣ ክፍያውን አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማ። ከጠበቃው ግን ምንም አይደብቅ።