ቅዱስ ቆጵርያኖስ፥ የካርታጎ ጳጳስና ሰማዕት

በየቁምስናችን ለሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ ዘወትር አይቀሩም። አንደኛው፥ እምነቱን ክዶ ወይም ትቶ የራቀ ሰው ተመልሶ ከማኅበረ ምእመናን ለመቀላቀል ሲፈልግ ምን ይጠበቅበታል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ወንድም ወደ እኛ ሲመጣ እንደገና ይጠመቃልን የሚለው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። በሦስተኛው ምእተ ዓመት በሰሜን አፍሪካ አንዲቱን የካርታጎ ቤተ ክርስቲያን ሊከፋፍሏት ደርሰው ነበር፤ መልስ ለመስጠት የተጨነቀውም የከተማይቱ ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ ነበር። በአንደኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ ለቤተ ክርስቲያን መመሪያ ሆኗል፤ በሁለተኛው ግን፥ እንደምናየው፥ ተሳስቷል።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። በአገራችን ቆጵርያኖስ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ከድንግሊቱ ዮስቴና ጋር የሚታሰበው፥ ቀድሞ ጠንቋይ የነበረው ሰማዕት ነው። እርሱ ሌላ ነው፤ ስማቸው አንድ በመሆኑ የሁለቱን ታሪክ የጥንት ጸሐፍት እንኳ ደባልቀውታል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቆጵርያኖስ ዛሬ ቱኒዝያ በምትባለው አገር፥ በካርታጎ፥ ከባለጸጋ አረማውያን ቤተሰብ የተገኘ፥ የንግግር ጥበብ መምህርነቱም ያስከበረው ሰው ነበር። በ246 ገደማ በአንድ አረጋዊ ካህን ስብከት አምኖ ተጠመቀ፤ ከሀብቱም አብዛኛውን ለድሆች ሰጠ። ከተጠመቀ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሕዝቡ ጳጳስ እንዲሆን በአንድ ድምፅ ጠየቀ። አምስት ካህናት ግን ገና ትናንት የተጠመቀ ሰው እንዴት ይሾምብናል ብለው ተቃወሙ። ሹመቱ ቢጸናም ቂማቸው አልበረደም።

በ249 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ሰው በሹማምንት የተፈረመ የምስክር ወረቀት ይቀበል ነበር፤ ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡ በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል። በሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፋብያኖስ በጥር 250 ሰማዕት ሆነ። በካርታጎ ደግሞ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ታየ፤ ምእመናን ሳይጎተቱ በገዛ እግራቸው ወደ አደባባይ ሮጡ። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ሹማምንቱ መሽቷልና ነገ ተመለሱ ሲሏቸው፥ ዛሬውኑ ጨርሱልን ብለው የለመኑ ነበሩ። ሕፃናቶቻቸውን ታቅፈው የሄዱም አልጠፉም። አንዳንዱ ሠዋ፤ አንዳንዱ ዕጣን ብቻ አጠነ፤ አንዳንዱም ሳይሠዋ በገንዘብ ወረቀቱን ገዛ።

ቆጵርያኖስ ራሱ ከከተማው ወጥቶ ተሸሸገ። ይህ ሽሽት ብዙ አሳማው፤ የሮም ካህናት ሳይቀሩ መንጋውን ትቶ እንደ ሸሸ እረኛ የሚነቅፍ ደብዳቤ ጻፉ። እርሱም ከመደበቂያው ለካህናቱና ለእስረኞቹ የጻፋቸውን 13 ደብዳቤዎች ግልባጭ ወደ ሮም ልኮ ሥራውን እንዳልተወ አስረዳ። ትክክል አደረገ ወይስ አላደረገም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኛ የምናስተውለው ግን በአደባባይ የወደቁትን ሊዳኝ የተቀመጠው ሰው ራሱ የሸሸ ተብሎ የሚነቀፍ መሆኑን ነው።

ስደቱ ጋብ ሲል የወደቁት መመለስ ፈለጉ። ያን ጊዜ በወኅኒ ቤት መከራ የተቀበሉ መስካሪዎች ታላቅ ክብር ስለ ነበራቸው፥ ወዳጅ ዘመዶቻቸው ወደ እነርሱ እየሄዱ የምሕረት ደብዳቤ ይለምኗቸው ጀመር። በመጀመሪያ ለአንድ ሰው የሚጻፍ የአማላጅነት ቃል ነበር። በኋላ ግን እገሌ ከነቤተሰቡ ይቀበሉት የሚሉ ደብዳቤዎች ወጡ፤ በአንዱ ወረቀት 20 እና 30 ሰው ከዚያም በላይ መግባት ይችል ነበር። አንዳንድ ካህናትም ያለ ንስሓና ያለ ጳጳሱ ፈቃድ ቅዱስ ቁርባን ያቀብሏቸው ጀመር።

ቆጵርያኖስ የመስካሪዎቹን ክብር ሳይነካ አሠራሩን ተቃወመ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ የሚያውቀውን ሰው በስም ይጥቀስ፤ ጉዳዩ ጳጳሳት እስኪሰበሰቡ ይቆይ አለ። የእያንዳንዱ ንስሓ በማኅበሩ ፊት ሊታይ እንጂ አንድ ባለ ክብር ሰው በጻፈው ወረቀት ሊተካ አይችልም የሚል እምነት ነበረው። ነገር ግን ለሞት የቀረበ ሰው የምሕረት ደብዳቤ ካለው፥ ካህን ባይገኝ ዲያቆን እንኳ ኑዛዜውን ሰምቶ እጁን ይጫንበት ብሎ ፈቀደ።

ከፋሲካ 251 በኋላ ተመልሶ ሲኖዶስ ጠራ። ወረቀት ብቻ የገዙት ጉዳያቸው አንድ በአንድ ተመርምሮ እንዲመለሱ፥ የሠዉት ግን ዕድሜ ልካቸውን ንስሓ ገብተው በሞት አፋፍ ላይ እንዲታረቁ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ማንንም አላስደሰተም። በካርታጎ ዲያቆኑ ፌሊቺሲሞስ በሩ ያለ ምንም ንስሓ ይከፈት ብሎ ተለየ፤ ጳጳሱ ለድሆች ከላከው ርዳታ የሚቀበሉትንም ከእኔ ጋር ኅብረት የላችሁም ብሎ አስፈራራቸው። በሮም ደግሞ ኖቫስያኖስ የተባለ ካህን፥ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቆርኔሌዎስ ለከሃዲዎች ይራራል ብሎ ራሱን ጳጳስ አሾመ፤ ለወደቁት በሩ ፈጽሞ ይዘጋ አለ። ብዙም ሳይቆይ በካርታጎ ብቻ ሦስት ጳጳሳት ነን የሚሉ ተገኙ፤ ከቆጵርያኖስ ሌላ አንዱ በልቅዎቹ፥ አንዱ በጥብቆቹ የተሾሙ ነበሩ።

ሁለቱም ወገኖች እርስ በርሳቸው ቢቃረኑም በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር ለማለት እንደፍራለን፤ ሁለቱም የንስሓን ጎዳና አላስፈለጋቸውም። አንዱ ሳያስጉዝ ያስገባል፤ ሌላው ቢጓዙም አያስገባም። ቆጵርያኖስ ስለ ወደቁትና ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት ሁለቱን ታዋቂ መጻሕፍቱን የጻፈው በዚሁ ዓመት ነው።

ሥርዓቱም በድንጋይ ላይ እንደ ተቀረጸ አልቀረም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አዲስ ስደት ሲያሰጋ 42 ጳጳሳት ተሰብስበው፥ በንስሓ የጸኑት ሁሉ፥ የሠዉትም ሳይቀሩ፥ ሞታቸውን ሳይጠብቁ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበሉ ወሰኑ። ደሙን ለክርስቶስ እንዲያፈስ የምንጠይቀውን ሰው የክርስቶስን ደም ልንነፍገው አይገባም የሚል አሳብ ነበራቸው። በዚያው ዘመን ቸነፈር ከተማይቱን ሲያጠቃ ቆጵርያኖስ ምእመናኑን ለሕሙማን አገልግሎት አሰማራቸው፤ አረማውያንም ከርዳታው አልተለዩም። በኑሚዲያ ክርስቲያኖች በወንበዴዎች ሲማረኩም ለቤዛቸው የሚሆን 100,000 ሴስቴርሶስ የተባለ የሮም ገንዘብ ከካርታጎ ምእመናን ተሰብስቦ ተላከ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። በመለያየት ወይም በኑፋቄ ውስጥ ሆኖ የተጠመቀ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ቆጵርያኖስ ይጠመቅ አለ፤ ከአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የተደረገ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ብሎ ያምን ነበርና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እስጢፋኖስ ግን የሮምን ልማድ ይዞ፥ እጅ ተጭኖበት ይቀበሉት እንጂ አይጠመቅ አለ። መስከረም 1 ቀን 256 በካርታጎ የተሰበሰቡ 87 ጳጳሳት ሁሉም ከቆጵርያኖስ ጋር ቆሙ። እስጢፋኖስ ኅብረቱን እስከ ማቋረጥ ዛተ። ሁለቱም ሳይስማሙ እስጢፋኖስ በነሐሴ 257 አረፈ። ቤተ ክርስቲያን በ314 በአርል ሲኖዶስ የሮምን መንገድ አጸናች፤ ዛሬም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ወገናችን ወደ እኛ ሲመጣ ዳግመኛ የማናጠምቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥምቀቱ የክርስቶስ ነውና። ቅዱሱ እንዳልተሳሳተ ለማስመሰል አንሞክርም። ነገር ግን ከእርሱ የተለየ አሳብ ያላቸውን ጳጳሳት ከኅብረቱ አልለየም፤ ይህንንም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የእርሱው የአገሩ ልጅ ቅዱስ አውግስጢኖስ በአድናቆት መስክሮለታል።

በንጉሥ ቫሌርያኖስ ስደት ቆጵርያኖስ በነሐሴ 257 ወደ ኩሩቢስ ተጋዘ። በዚህ ጊዜ አልሸሸም። በመስከረም 258 ወደ ካርታጎ ተመልሶ ሲያዝ ሕዝቡ ሌሊቱን በደጅ አደረ፤ እርሱም ከሕዝቡ ጋር ያደሩት ልጃገረዶች እንዲጠበቁ አዘዘ። በማግስቱ፥ መስከረም 14 ቀን፥ በአገረ ገዥው ፊት ቀርቦ መሥዋዕቱን እንደማያቀርብ በአጭሩ መለሰ። ለሰያፊው 25 የወርቅ ዲናር እንዲሰጠው አደረገ። ምእመናኑ በፊቱ ጨርቆችን አነጠፉ፤ አንገቱም ተቀላ። የላቲን ሥርዓት መስከረም 16 ቀን ከቆርኔሌዎስ ጋር ያስበዋል።

ሥጋውን ቀን ስላልቻሉ ሌሊት ሻማና ችቦ አብርተው በጸሎት ወሰዱት። ከሸኚዎቹ መካከል ከስምንት ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ ለጣዖት ያጠኑ፥ በእርሱም እጅ የታረቁ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም ብለን እናምናለን።