ጄኔራል ጎርደን፦ የካርቱም መሐንዲስ

የአጼ ዮሐንስ አራተኛን ታሪክ ያነበባችሁ በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነጋገረውን እንግሊዛዊ ታስታውሱታላችሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ቻርልስ ጎርደን ነው። ሲሞት የእንግሊዝ ክርስቲያኖች ሰማዕት አሉት። እኔ ግን ሰማዕት ከማለታችን በፊት ሥራውን ብንመለከት ይሻላል እላለሁ።

ጎርደን በ1833 ለንደን አጠገብ ዉሊች በሚባል ስፍራ ከመድፈኛ መኮንን ተወለደ። በ1852 በእንግሊዝ የመሐንዲስ ጦር ውስጥ ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። የጦር መሐንዲስ ሥራው ምሽግ መሥራት፣ መሬት መለካት፣ ካርታ ማንሳት፣ ደግሞም የጠላትን ግንብ ማፍረስ ነው። በ1854 ዌልስ ውስጥ ፔምብሮክ ወደብ ላይ ምሽግ ሲያሠራ መጽሐፍ ቅዱስን በትጋት ማንበብ ጀመረ፤ እምነቱም በዚያ ጸና። በዓመቱ ወደ ክራይሚያ ጦርነት ተልኮ በሴቫስቶፖል ከበባ፣ በሩሲያውያን ጥይት ሥር፣ የጉድጓድ ምሽጎችን ይለካና ካርታ ያነሳ ነበር።

ስሙ የወጣው በቻይና ነው። በሻንጋይ ዙሪያ ያለውን አገር አስቀድሞ በካርታ ስላነሳው እያንዳንዱን የውኃ ቦይ ያውቅ ነበር። በ1863 የታይፒንግ ዓማፅያንን የሚወጋ ጦር አዛዥ ሲሆን መድፍ የጫኑ ጀልባዎችን በእነዚያ ቦዮች እየነዳ ከተሞችን ያዘ። ወደ ውጊያ የሚገባው ቀጭን በትር ብቻ ይዞ ነበር። በሱዡ ከተማ ግን እጃቸውን የሰጡ የዓማፅያን አለቆች በቻይናው ገዥ ትእዛዝ ተገደሉ። ጎርደን እጅግ ተቆጣ፤ ከቤተ መንግሥት የተላከለትንም የገንዘብ ሽልማት አልቀበልም አለ።

አሁን ግን ስለ ግሬቭሴንድ ልንገራችሁ። ከ1865 እስከ 1871 በቴምዝ ወንዝ ዳር ምሽጎችን ያሠራ ነበር። ምሽጎቹ ያን ያህል ጥቅም እንደሌላቸው ራሱም ያምን ነበር። ከሥራ በተረፈው ጊዜ ግን የጎዳና ልጆችን ወደ ቤቱ ያመጣል፣ ያጥባቸዋል፣ ያለብሳቸዋል፣ ማታ ማታ ያስተምራቸዋል። ሲያድጉ ብዙዎቹን በመርከብ ሥራ ያስቀጥራቸው ነበር። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ ሰቅሎ የእያንዳንዱ ልጅ መርከብ ያለበትን ስፍራ በመርፌ ያመለክታል፤ መርከቡ ሲጓዝ መርፌውን ያንቀሳቅሳል፣ ለልጁም ይጸልያል። የምሽጉን የአትክልት ቦታ ደግሞ ድሆች እንዲያርሱት ሰጠ። ሚስትና ልጅ አልነበረውም። ወገኖቼ፣ ከቻይናው ድል ይልቅ እኔን የሚነካኝ ያ መርፌ ነው።

በ1874 በግብፅ መንግሥት ሥር የደቡብ ሱዳን አገረ ገዥ ሆነ። 10,000 ፓውንድ ደመወዝ ቢቀርብለት 2,000 ይበቃኛል አለ። ከ1877 ጀምሮ የመላው ሱዳን ገዥ ሆኖ በግመል በረሃውን እያቋረጠ የባሪያ ነጋዴዎችን አሳደደ። በ1879 ከታላላቆቹ ነጋዴዎች አንዱ የነበረውን የዙቤይርን ልጅ የጎርደን መኮንን ጄሲ ገደለው።

ወደ ደብረ ታቦር የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ግብፅ በጉንደትና በጉራዕ ድል ብትሆንም ቦጎስን እንደ ያዘች ነበረች። አጼ ዮሐንስ ቦጎስንና የባሕር በርን ጠየቁ። ጎርደን ግብፅ ኢትዮጵያን እንደ በደለች ራሱ ያምን ነበር፤ ነገር ግን ለመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። ሲመለስም የንጉሡ ሰዎች መንገድ ላይ ይዘውት በምፅዋ በኩል እንዲወጣ ተደረገ።

በ1883 ኢየሩሳሌም ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን አጠና። ጎልጎታ ከከተማው ቅጥር ውጭ ያለው የራስ ቅል መሳይ ኮረብታ ነው ብሎ አመነ። ዛሬ ብዙ ፕሮቴስታንቶች በአጠገቡ ያለውን የአትክልት ስፍራ መቃብር ይጎበኛሉ። መቃብሩን ያጠኑ የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት ግን ከጌታ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ነው ይላሉ፤ የወንጌሉ መቃብር ደግሞ አዲስ ነበር።

በጥር 1884 የማህዲ ጦር፣ እኛ ድርቡሽ የምንለው፣ ሱዳንን ሲያጥለቀልቅ የግብፅን ወታደሮች እንዲያስወጣ ወደ ካርቱም ተላከ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የባሪያ ንግድ ጠላት የተባለው ይህ ሰው ካርቱም እንደ ገባ፣ የሕዝቡን ልብ ለማግኘት ሲል፣ ባሪያ ያለው ባሪያውን ይዞ መኖር እንደሚችል አወጀ። በእርሱ ምትክ እንዲገዛም ያንኑ ዙቤይርን ለመነ፤ ለንደን ከለከለች። ጭንቀቱን እረዳለሁ፤ አዋጁን ግን በእምነቱ ልንሸፍነው አይገባም።

ከበባው ሲጀምር የድሮው መሐንዲስ ተመለሰ። ፈንጂ ቀበረ፣ ሽቦ ዘረጋ፣ የእንፋሎት መርከቦችን በብረት አለበሰ፣ ገንዘብ ሲያልቅ ወረቀት አሳትሞ ከፈለ። ከተማዋ ከ300 ቀን በላይ ቆመች። ቅጥሩ በአንድ ጫፍ የሚያልቀው በነጭ ዓባይ ውኃ ላይ ነበር። በጋው ሲገባ ወንዙ ጎደለ፣ በምሽጉና በውኃው መካከል ጭቃማ ክፍተት ታየ፤ የተራቡት ወታደሮችም ሊዘጉት አቃታቸው። ጥር 26 ቀን 1885 ሳይነጋ ድርቡሾች በዚያ ገቡ፣ ጎርደንም ተገደለ። የእርዳታው መርከቦች ሁለት ቀን ዘግይተው ደረሱ።

ካርቱም በተከበበችበት በ1884 እንግሊዝ ዓድዋ ላይ ከአጼ ዮሐንስ ጋር ተዋውላ ነበር። ቦጎስ ለኢትዮጵያ ተመለሰች፤ ንጉሡም በድርቡሽ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ ረዱ። በመጋቢት 1889 አጼ ዮሐንስ ከዚያው ጠላት ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ። ከአራት ዓመት በፊት የጎርደን ራስ ወደ ተወሰደባት ወደ ኦምዱርማን የእርሳቸውም ራስ ተወሰደ።