ያየውን ተናግሮ ያልታመነው መንገደኛ



ዛሬ የማቀርብላችሁ፣ ጎንደርንና ግሽ ዓባይን በዓይኑ አይቶ ትልቅ መጽሐፍ የጻፈ፣ ነገር ግን በገዛ አገሩ ሰዎች እንደ ውሸታም የተቆጠረ የአንድ መንገደኛ የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው ጄምስ ብሩስ ይባላል። ታሪኩን የመረጥሁት ስለ ድፍረቱ ብቻ አይደለም። ስለ ምስክርነት የሚያስተምረን ነገር ስላለው ጭምር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። በልጅነቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። በኋላም ሕግ መማር ጀምሮ ነበር፤ አልሆነለትምና ተወው። በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ። ሆኖም ሚስቱ ጥቂት ወራት ብቻ አብራው ቆይታ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ልቡን ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ትምህርት መለሰ። ዐረብኛ አጠና፤ ሂዮብ ሉዶልፍ ባዘጋጃቸው መጻሕፍትም ግእዝን ተማረ። የዓባይን ምንጭ የማየት ሐሳብም በውስጡ አደገ። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆኖ ሥራ ጀመረ። እዚያ ሳለ ሥዕል በመሥራት እንዲያግዘው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለውን የቦሎኛ ወጣት ቀጠረ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለቱ ሰዎች በግብፅና በቀይ ባሕር አድርገው በ1769 ምጽዋ ደረሱ። በዓድዋና በአክሱም አልፈውም በየካቲት 1770 ጎንደር ገቡ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት የጀመረበት፣ ዙፋኑ የዐፄ ተክለ ሃይማኖት፣ ሥልጣኑ ግን የራስ ሚካኤል ስሑል የነበረበት ጭንቅ ዘመን ነበር። ብሩስ በደረሰበት ወራት በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ፈንጣጣ ገብቶ ልጆች ታመው ነበር። እርሱም መጠነኛ የሕክምና ዕውቀት ስለ ነበረው ቤቱ እንዲከፈትና ንጹሕ አየር እንዲገባ አድርጎ አስታመመ። በዚህም በእቴጌይቱና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ሞገስ አገኘ፤ የንጉሡም ባለሟል ለመሆን በቃ።

ከብዙ መሰናክል በኋላ በኅዳር 1770 መጀመሪያ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ለአካባቢው ሰዎች ምንጩ አዲስ ነገር አልነበረም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያውቁትና የሚያከብሩት ስፍራ ነው። ብሩስ ግን ሌሎች አውሮፓውያን ያላገኙትን ያገኘ መስሎት ከዐረብ አገር ባመጣው የኮኮነት ቅርፊት ዋንጫ ከምንጩ ቀድቶ ስለ ንጉሡ ጤንነት ጠጣ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የመልሱን መንገድ ርዝመትና መከራ ሲያስብ ከባድ ትካዜ ያዘው።

የፈራውም አልቀረም። በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ ግብፅ ሲጓዝ በኑብያ በረሃ ግመሎቹ አለቁ። ማስታወሻዎቹንና መሣሪያዎቹን በአሸዋ ላይ ጥሎ፣ እግሩ አብጦ፣ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ በኅዳር 1772 አስዋን ደረሰ። ከዚያም የጣለውን ለማንሣት ወደ በረሃው ተመልሶ ወረቀቶቹን አገኘ። ለጻፈው ነገር ይህን ያህል ዋጋ የሰጠ ሰው ነበር።

በ1774 ለንደን ሲደርስ በመጀመሪያ በክብር ተቀበሉት። በኋላ ግን ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ግብዣው ሲናገር ይስቁበት ጀመር። ይልቁንም በሕይወት ካለ በሬ ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ መዘባበቻ አደረገው። ጥሬ ሥጋ መብላት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለእነርሱ ግን ያ ሁሉ ተረት ነበር። ብሩስም ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባ። ባለ 5 ጥራዝ መጽሐፉ የታተመው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1790 ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ብዙዎች አላመኑትም። ከጦር ሜዳና ከበረሃ የተረፈው ይህ ሰው በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ከጻፈው ብዙው እውነት መሆኑን መሰከሩ። ይዟቸው ከሄደው የብራና መጻሕፍት መካከልም 3 የመጽሐፈ ሔኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው ይህ መጽሐፍ፣ በሐዋርያው በይሁዳ መልእክት የተጠቀሰው ሔኖክ ትንቢት ያለበት ነው። አውሮፓውያን ስሙን እየሰሙ ከዘመናት በፊት ካጡት በኋላ እንደገና ሊያነቡት የቻሉት አባቶቻችን በቅዱስ መጽሐፍነት ይዘው እየገለበጡ ስላቆዩት ነው። በ1821ም ሪቻርድ ሎረንስ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው።

ወገኖቼ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ብሩስን የተበደለ እውነተኛ ብለን በዘጋነው ነበር። ነገር ግን እርሱም የሌሎችን ምስክርነት አልተቀበለም። የኢየሱሳውያኑ መነኵሴ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ከብሩስ 152 ዓመት ቀድሞ ምንጩን አይቶ ጽፎ ነበር። ብሩስ ግን ይህን ጽሑፍ ሐሰት ሊያደርገው ደከመ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው የባሉጋኒ ነገር ነው። ይህ ወጣት አብሮት ግሽ ድረስ ሄዷል፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞቶም በዚያው ቀርቷል። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የባሉጋኒን ሥዕሎችም የራሱ አስመሰለ። እውነቱ የወጣው ወረቀቶቹ ሲመረመሩ ነው። ከመካከላቸው ባሉጋኒ በእጁ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ተገኘ። ብሩስ ከበረሃ ተመልሶ ያዳናቸው ወረቀቶች በራሱ ላይ መሰከሩ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወደ ገዳም ሄደን ስንመለስ የጉዞውን ማስታወሻ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ዳገቱን ስለ መውጣቴና ስለ ድካሜ በዝርዝር ጽፌአለሁ። ሌሊቱን በፋኖስ መንገድ የመራንን፣ የእኔንም ጓዝ ጨምሮ የተሸከመውን የአካባቢውን ልጅ ግን ስሙን እንኳ አላነሣሁም። ማንም አልጠየቀኝም፤ የጻፍሁትም ሁሉ እውነት ነበር።

እንግዲህ ያየውን መናገር የምስክር ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ አብሮ ያየውን ሰው አለመርሳት ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ማስታወሻ የምትጽፉ ሁሉ፣ ከራሳችሁ በፊት የመንገድ መሪያችሁን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። እኔም የዚያን ልጅ ስም ለማግኘት መጠየቅ ጀምሬአለሁ።