ቻርልስ ዳርዊንና የሴቷ ገበሎ ቀለም

ዘንድሮ ሕይወቱን ልናስተዋውቃችሁ የመረጥነው ሰው ቻርልስ ዳርዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 በእንግሊዝ አገር በሽሩስበሪ ከተማ ተወለደ። በስምንት ዓመቱ እናቱ ሞቱበት። ሐኪም የነበሩት አባቱ እሱም ሐኪም እንዲሆን ወደ ኤድንብራ ላኩት። ያኔ ማደንዘዣ አልነበረምና ቀዶ ሕክምና ማየት ከብዶት ትምህርቱን ተወ። ሆኖም በዚያው ከተማ ከባርነት ነጻ የወጣ ጆን ኤድመንስተን የሚባል ጥቁር ሰው፣ የሞቱ ወፎችን ሳይበሰብሱ የማቆየትን ሙያ አስተማረው።

በ1831 ቢግል በተባለች መርከብ ተሳፍሮ አምስት ዓመት ገደማ ዓለምን ዞረ። በጋላፓጎስ ደሴቶች ጉድጓድ የሚቆፍር ትልቅ እንሽላሊት ሲያይ፣ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ጅራቱን ጎተተው። እንስሳው ወጥቶ ትኩር ብሎ አየው።

በ1839 ኤማን አገባ። ዐሥር ልጆች ወልደው ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱባቸው። ሐዘንና ሕመም ሳይበግሩት በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ፣ በ1871 ደግሞ ስለ ሰው አመጣጥና ስለ ፆታዊ ምርጫ ጻፈ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ በየቤታችን ያከራክራል።

በ1871ዱ መጽሐፍ እንሽላሊቶችም አሉ። ወንዱ ያጌጠው ከሌሎች ወንዶች ጋር ስለሚፎካከርና ሴቷ ስለምትመርጠው ነው ብሎ አሰበ። ሴት እንስሳ ስታጌጥ ግን ብዙውን ጊዜ ጌጡን ከወንዱ ወገን በውርስ ያገኘችው አድርጎ ያየው ነበር።

እኛም በሞያሌ ግንብ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን፣ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ደማቅ ወንድ ገበሎ እንጂ ቡናማዋን ሴት ልብ አንልም። ከዳርዊን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ሴቷን ማየት ጀመሩ። በአሜሪካ ተራሮች የምትኖር አንዲት እንሽላሊት በመራቢያ ወቅት ጉሮሮዋ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ቀለሙ ስለ እንቁላሎቿ ጥራት ለወንዱ ይነግረዋል። በአውስትራሊያ የጨው ሐይቅ ላይ የምትኖረው ደግሞ ሆዷ ብርቱካናማ ሆኖ ሳለ ወንድ ሲያስቸግራት በጀርባዋ ተገልብጣ እምቢ ትላለች። ጌጧ የራሷ መልእክት አለው ማለት ነው።

ዳርዊን በ1882 በ73 ዓመቱ አርፎ በለንደን ዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን፣ ከኒውተን አጠገብ ተቀበረ። ከሕይወቱ የወሰድነው ትምህርት ይህ ነው፦ ታላቅ ሰውም ሁሉን አይቶ አይጨርስም፤ የቀረውን የሚያየው ተማሪ ነው። በግቢያችን ያለችውን ሴት ገበሎ አስተውለን ያየነውን በደብተራችን ብንጽፍ፣ የእሱን ሥራ ቀጠልን ማለት ነው።